መሻገሪያው ከአስፋልቱ ጋር ይመረቅ፦ በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በመናገሻና በሱሉልታ መስቀለኛ መንገዶች ላይ የወጣ የአቋም መግለጫ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ወደ አምቦና ወደ ጎጃም በሚወጡት ሦስት ዋና መንገዶች ዳር የምንኖር ነን። አብዛኞቻችን ሥራ የምንገባው፣ ገበያ የምንወጣውና ልጆቻችንን ትምህርት ቤት የምናደርሰው በእግራችን ነው። ማኅበራችን በአካባቢያችን እየተሻሻሉ ባሉ መስቀለኛ መንገዶች ስለሚሠሩ የእግረኛ መሻገሪያዎችና የትራፊክ መብራቶች ሲመክር ቆይቶ ይህን የአቋም መግለጫ አውጥቷል።

አቋማችን ይህ ነው፦ የተሻሻለ መስቀለኛ መንገድ ዜብራው ተቀብቶ፣ የእግረኛ መብራቱ ተፈትሾ፣ የመንገድ መብራቱ በርቶ እስኪታይ ድረስ ለተሽከርካሪ በሙሉ አይከፈት። አስፋልቱ ቀድሞ ተመርቆ መሻገሪያው “በቀጣይ ምዕራፍ” የሚባልበት አሠራር ይቁም።

መንገድ መሠራቱን አንቃወምም። በበጋ አቧራውን፣ በክረምት ጭቃውን የቻልነው እኛው ነን፤ አስፋልት ሲመጣም ቀድመን የተደሰትነው እኛው ነን። ነገር ግን ሊነገር የሚገባው እውነት አለ። በአሮጌው መንገድ ላይ ጉድጓዱ፣ ኮረኮንቹና የገበያው ግርግር ነጂውን ሳይወድ በግድ ያዘገዩት ነበር። መንገዱ ሲሰፋና ሲለሰልስ ያ ልጓም በአንድ ጊዜ ይፈታል። እግረኛው ግን ትናንት በሚሻገርበት ቦታ፣ ትናንት በለመደው ግምት ነው ዛሬም የሚሻገረው። ስለዚህ ለእግረኛ ከሁሉ የከፋው ጊዜ አስፋልቱ አልቆ መብራቱ ያልተተከለበት ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ ሳምንትም ይሁን ዓመት፣ ሰው የሚሞትበት ጊዜ ነው።

ቁጥሩ ግልጽ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ ነጂው መንገድ የሚያቋርጥ ልጅ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ መኪናው ያን ያህል ርቀት ሄዷል ማለት ነው። በ30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ከ8 ሜትር ብዙም አያልፍም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ በ4 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ ከ100 ሺህ ሰዎች 26.7 ያህሉ በዓመት በመንገድ አደጋ ይሞታሉ ብሎ ገምቷል። በአዲስ አበባ ደግሞ በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት ከአሥሩ ሰባትና ከዚያ በላይ የሚሆኑት እግረኞች ናቸው። በእኛ ከተሞች ከመኪና ባለቤቱ በእግሩ የሚሄደው በብዙ ይበልጣል፤ ጉዳታችን ያነሰ ይሆናል ብለን የምናስብበት ምክንያት የለንም።

ጉዳዩን በዓለም ገና መገንጠያ እንየው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ እዚህ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በሰበታ በኩል ወደ ጅማ፣ ሌላው በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ ይዘልቃል። የቡታጅራው መስመር በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ መገንጠያው የግማሽ ደቡብ ኢትዮጵያ በር ሆኗል። የጅማ ቡና የጫነ ተሳቢ፣ የማረቆ በርበሬ የጫነ አይሱዙ፣ ወደ ግንባታ የሚጣደፍ ሲኖ፣ ሃይገሩ፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁና ጋሪው እዚህ ይገናኛሉ። በዚህ መሃል ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ መንገድ ዳር ቆሞ ያየ ሰው የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ሰው የሚሻገረው ታክሲው ባወረደው ቦታ ነው። ረዳቱ “ወራጅ አለ” ብሎ በሩን ይከፍታል፣ ተሳፋሪው ይወርዳል፣ ከቆመው ሚኒባስ ፊት ለፊት ብቅ ይላል፤ በሚኒባሱ ግራ በኩል የሚመጣው መኪና አያየውም፣ እሱም መኪናውን አያይም። ዜብራው ስልሳ ሰባ ሜትር ርቆ ቢቀባ ይህ ሰው ተመልሶ አይሄድለትም።

ስለዚህ መሻገሪያው ሰው ወደሚሄድበት ይምጣ፤ ፌርማታው ደግሞ ከመሻገሪያው አለፍ ብሎ ይሁን። ያን ጊዜ ወራጁ ከመኪናው ኋላ ይሻገራል፣ መጪው ነጂም አስቀድሞ ያየዋል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ቦታው ላይ ጠዋትና ማታ ቆሞ ሰው በየት እንደሚያልፍ መመልከትን ብቻ ይጠይቃል።

በዚሁ መገንጠያ ሌላም አደጋ አለ። ከቡታጅራ መጥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ተሽከርካሪ የሚታጠፈው ወደ ቀኝ ነው። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ነጂ ዓይኑ ከግራ በሚመጣው መኪና ላይ ነው፤ ከቀኙ እግሩን አስፋልት ላይ ያሳረፈውን እግረኛ የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ካየው። የመታጠፊያው ማዕዘን ሰፊና ለስላሳ ሆኖ ሲሠራ ደግሞ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይዞራል። እኛ የምንጠይቀው ማዕዘኑ እንዲጠብብ፣ የእግረኛው መቆሚያ ወደ አስፋልቱ ወጣ ብሎ እንዲሠራና የእግረኛው አረንጓዴ ለመኪናው ከሚበራው አረንጓዴ ከ3 እስከ 7 ሰከንድ ቀድሞ እንዲበራ ነው። በነዚያ ጥቂት ሰከንዶች እግረኛው አስፋልቱ ላይ ገብቶ ለሁሉም ይታያል፤ የሚታጠፈውም ሳይወድ ይቆምለታል።

የአረንጓዴው ርዝመት ለብቻው መነገር አለበት፤ ብዙ መብራት የሚበላሸው በአምፖሉ ሳይሆን በሰዓቱ ነው። ስድስት መስመር ያለው መንገድ፣ እያንዳንዱ መስመር 3.5 ሜትር ቢሆን፣ ስፋቱ 21 ሜትር ነው። በምህንድስናው የተለመደው ስሌት እግረኛ በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል የሚል ስለሆነ 17 ሰከንድ ተኩል ይበቃዋል ይባላል። ልጅ አዝላ፣ ዘንቢል ይዛ፣ ሌላ ልጅ በእጇ እየጎተተች የምትሻገር እናት ግን በሰከንድ 0.8 ሜትር ብትሄድ ነው፤ 26 ሰከንድ ያስፈልጋታል። በ17 ሰከንድ ተኩል የሄደችው 14 ሜትር ብቻ ነው። መብራቱ ሲቀየርባት 7 ሜትር፣ ማለትም ሁለት ሙሉ መስመር ከፊቷ አለ፤ እነዚያ ሁለት መስመሮች ላይ የቆሙት መኪኖች ደግሞ አረንጓዴ በርቶላቸዋል። ከዚያ ጡሩምባው ይጀምራል። እሷ ያጠፋችው አንዳች ነገር የለም፤ የተሳሳተው ስሌቱ ነው። መብራቱ የሚቃኘው በጎልማሳው እርምጃ ሳይሆን በዘገምተኛው ሰው እርምጃ መሆን አለበት። መንገዱ ከአራት መስመር ካለፈ ደግሞ መሃሉ ላይ ቢያንስ 2 ሜትር ስፋት ያለው፣ ከፍ ያለ ጠርዝ የከበበው ማረፊያ ይኑር፤ ያልደረሰለት ሰው ተሽከርካሪ መሃል ሳይሆን እዚያ ቆሞ ቀጣዩን አረንጓዴ ይጠብቅ።

የእኛ ከተሞች ከሌሎች የሚለዩበት አንድ ነገር አለ፤ ለማኅበራችን ከሁሉ የሚከብደውም ይኸው ነው። ሰበታ የመርሐ ዕውራን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከተማ ናት። ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀምሮ ከመላ አገሪቱ የመጡ ዓይነ ስውራን ልጆች ፊደል የቆጠሩባት፣ ከዚያም መምህር፣ የሕግ ባለሙያ፣ ሙዚቀኛ ሆነው የወጡባት ከተማ ናት። በአምቦ መንገድ ደግሞ መናገሻ ላይ የቼሻየር የተሐድሶ ማዕከል በፖሊዮና በሌላ ምክንያት የአካል ጉዳት የደረሰባቸውን ልጆች ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲያክምና ሲያቋቁም ኖሯል። ነጭ በትርና ክራንች በአገሪቱ ከየትም በላይ ሊታሰቡ የሚገባቸው በእነዚህ ሁለት መንገዶች ላይ ነው።

ዓይነ ስውር ሰው መንገድ የሚሻገረው በጆሮው ነው። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ርቀቱን ይገምታል፣ ዝም ሲል ይራመዳል። አሁን ይህም እየቀረ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ በዝቷል። ለአየሩ መልካም ነው፤ እኛም እንደግፈዋለን። ነገር ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ የኤሌክትሪክ መኪና ድምፁ አይሰማም። ዝምታን “መንገዱ ነፃ ነው” ብሎ ለመረዳት ለተማረ ተማሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ንድፉ ላይ የሚፈርም መሐንዲስ ሁሉ ደቂቃ ወስዶ እንዲያስብበት እንለምናለን። ስለዚህ በሰበታና በዓለም ገና የሚተከል የእግረኛ መብራት ሁሉ ድምፅ ያለው ይሁን፤ የሚጫነው ቁልፍ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እጁ በሚደርስበት ከፍታ ይገጠም፤ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ መሻገሪያው ላይ እስከ አስፋልቱ ደረጃ ዝቅ ይበል። በበትር የሚዳሰሰው ቢጫ ንጣፍም ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ ሥር የሚያልቅ ሳይሆን በቀጥታ ዜብራው አፍ ላይ የሚያደርስ ይሁን። ይህን ስንጠይቅ ችሮታ እየለመንን አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 መንገድና ትራንስፖርት ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ ግዴታ ይጥላል።

“ለምን የእግረኛ ድልድይ አይሠራም?” የሚል ጥያቄ ይቀርብልናል። ጥያቄው ቅን ነው፤ መልሳችን ግን አይሆንም የሚል ነው። የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ብዙ አስተምሮናል። በቀለበት መንገዱ ላይ ድልድዮች ተሠርተዋል፤ ሰው ግን ከድልድዩ ሥር የመሃሉን አጥር ዘሎ ሲሻገር ኖሯል። ይህ የሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ ነው ብለን አናምንም። ደረጃ ወጥቶ፣ ተሻግሮ፣ ደረጃ መውረድ ለአረጋዊት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ሸክም ለያዘ ሰው ቅጣት ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ደግሞ የተዘጋ በር ነው። ሲመሽ ጨለማና ዝርፊያ ይጨመርበታል። አራት ኪሎ እንደተሠራው ያለ ሰፊ የመሬት ውስጥ መተላለፊያ ጥበቃ፣ ብርሃንና የሰው እንቅስቃሴ ስላለው በዋና ከተማው መሃል ሊሠራ ይችላል፤ በእኛ መገንጠያዎች ግን ውኃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ እንዳይሆን እንሰጋለን። ሰው መሬት ላይ ይሻገር፤ የሚቆመው መኪናው ይሁን።

መብራትም ቢሆን ለሁሉም ቦታ መድኃኒት ነው አንልም። በቡራዩ ከዋናው የአምቦ መንገድ ወደ መንደር በሚገቡት ትንንሽ መታጠፊያዎች የትራፊክ መብራት መትከል ገንዘብ ማባከን ነው፤ እዚያ የሚበጀው ከፍ ተደርጎ የተሠራ ዜብራ ነው። መሻገሪያው ራሱ ብሬከር ይሆናል፤ መኪናው ሳይቀንስ ሊያልፈው አይችልም፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ቢጠፋም አይጠፋም። ትምህርት ቤት ባለበት ሁሉ ይህ ይቅደም። በዳሬ ሰላምና በሌሎች የአፍሪካ ከተሞች በትምህርት ቤቶች ዙሪያ በዚህ ዓይነት ቀላል ሥራ፣ በእግረኛ መንገድ፣ በፍጥነት መቀነሻና በዜብራ፣ በልጆች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከሩብ በላይ መቀነሱ ታይቷል፤ ሥራውም በ2011 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። እኛ ጋ አሁን ያለው መፍትሔ ሰደርያ የለበሱና “ቁም” የሚል ምልክት የያዙ ተማሪዎች ናቸው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እጁን ዘርግቶ ተሳቢ ሲያስቆም ማየት ያኮራል፤ ያስፈራልም። ያን ልጅ እናመሰግነዋለን። ነገር ግን መንገዱ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ በልጅ ትከሻ ላይ መጫን ተገቢ አይደለም።

ሱሉልታ የራሷ ነገር አላት። ከደርባ ሲሚንቶ ጭኖ የሚመጣው ከባድ መኪና በከተማዋ መሃል ያልፋል፤ በዚያው መንገድ ዳር ገና ሳይነጋ አትሌቶቻችን ይሮጣሉ። ሜዳው ብርዳምና ጭጋጋም ነው። በጭጋግ ውስጥ ቀለም ብቻውን አይታይም፤ መሻገሪያዎቹ ከላያቸው ብርሃን ያስፈልጋቸዋል፣ ከመሻገሪያው አስቀድሞም ጎማ ሥር የሚንገጫገጭ የማንቂያ መስመር ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ እግረኛውን የሚያስቀድም አሠራር ጀምራለች። ለገሃርና ሰባተኛ መስቀለኛ መንገዶች ላይ ከጥቂት ዓመታት በፊት በቀለምና በቀላል ቁሳቁስ ብቻ የእግረኛው መቆሚያ ሰፍቶ የመሻገሪያው ርቀት እንዲያጥር ተደርጓል። የሚያስደስተው ሥራው መጀመሪያ በቀላል ነገር ተሞክሮ፣ ታይቶ፣ ከዚያ በቋሚነት መሠራት መቻሉ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም እግረኛውን የሚያስቀድም ነው። ለዓለም ገናም ይህንኑ እንጠይቃለን፤ ቋሚው መብራት እስኪተከል ድረስ በቀለም፣ በድንጋይና በምሰሶ የተሠራ ጊዜያዊ መሻገሪያ አስፋልቱ በተነጠፈበት ሳምንት ይሠራ።

የሚያሳስበን ሌላው ጉዳይ ባለቤትነት ነው። መንገዶቹ የፌዴራል ዋና መንገዶች ናቸው፤ የሚያልፉት በከተማ ውስጥ ነው፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወረድ ሲል ደግሞ የአዲስ አበባ አስተዳደር ወሰን ይጀምራል። እንዲህ ሲሆን የተቃጠለ አምፖል ማን ይቀይራል? የደበዘዘ ዜብራ ማን ይቀባል? ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ሦስት ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር መጠቃለላቸው እዚህ ላይ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ቀድሞ በየከተማው ያልተቻለውን አንድ የትራፊክ መብራት ጥገና ክፍል ለማቋቋም ያስችላል። የሸገር ከተማ አስተዳደርና የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የየመገንጠያውን ኃላፊነት በጽሑፍ ተፈራርመው እንዲያሳውቁን እንጠይቃለን። በየምሰሶው ላይ ብልሽት የሚነገርበት ስልክ ቁጥር ይጻፍ። የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቆራረጥበት አገር ደግሞ ባትሪና የፀሐይ ኃይል የሌለው የትራፊክ መብራት መትከል ግማሽ ሥራ ነው፤ የጠፋ መብራት ካልተተከለ መብራት የባሰ ነው፣ እግረኛው አምኖት ይገባልና።

እግረኛውም ጥፋት የለበትም አንልም። ስልኩን እያየ የሚሻገር፣ ዜብራው አሥር ሜትር ላይ እያለ በመሃል የሚቆርጥ አለ። ማኅበራችን በየዕድሩ፣ በየትምህርት ቤቱና በየእምነት ቦታው ስለዚህ ሊያስተምር ዝግጁ ነው። እግረኛ ይቀጣ ሲባል ግን መጀመሪያ የሚሻገርበት ይሠራለት እንላለን። መሻገሪያ በሌለበት ቦታ የሚጻፍ ቅጣት ፍትሕ የለውም። “መብራት ከበዛ መንገዱ ይጨናነቃል” ለሚሉንም፣ መንገድ ላይ ለሃያ ሰከንድ የቆመ መኪና ቢዘገይ እንጂ ከቤቱ እንደማይቀር እናስታውሳለን።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። በዚህ መብት መሠረት የዓለም ገና መገንጠያም ሆነ በቡራዩ፣ በመናገሻና በሱሉልታ የሚሻሻሉ መስቀለኛ መንገዶች ንድፍ ቀለም ከመቀባቱ በፊት በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍና በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እንዲብራራ እንጠይቃለን። የመብራቱ ሰዓት በሚሞከርበት ቀን የመርሐ ዕውራን ተማሪዎች፣ በክራንች የሚሄዱ ሰዎች፣ አረጋውያንና ልጅ ያዘሉ እናቶች ተጠርተው ይሻገሩበት፤ እነሱ ሳይጣደፉ ማዶ ከደረሱ መብራቱ አልፏል፣ ካልደረሱ ሰዓቱ እንደገና ይስተካከል። አባሎቻችን በዚያ ቀን ከመሐንዲሶቹ ጎን ይቆማሉ።